አባትሽ ያላለቀ ሸሚዝ አቀበሉ

አዋሳ፣ መስከረም 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ሰው የምትወጋበትን መርፌ ፍለጋ ጎንደር ድረስ ለዘለቀችው ለፍቅርተማርያም ወልደአማኑኤል፣ እዚሁ አዋሳ ጨርቅ እየወጋ ከቀረው፤

ትኩረት! ትኩረት! ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ የተቀመጥሽበትን አጥብቀሽ ያዢ። በታላቅ ኃላፊነትና በተሰበረ ልብ የማሳውቅሽ ከባድ ዜና አለ። ኮት ከገበሩ እስከ ቁልፉ ብቻቸውን ሲሰፉ ዕድሜያቸውን የፈጁት፣ የሌላ ሰው እጅ የጀመረውን ጨርቅ የማይነኩት፣ የታቦር ሰፈር ኩራት የሆኑት ክቡር አባትሽ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከእንግዲህ ኮት አይሰፉም። ሱሪም አይሰፉም። ሸሚዝም አይሰፉም። አባትሽ ኪስ ይሰፋሉ። ኪስ ብቻ። ያውም የደረት ኪስ።

አልቅሰሽ ጨረስሽ? እንግዲያው አፍንጫሽን ጥረጊና እንቀጥል።

እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ እማማ ደብሪቱም ደህና ናቸው፤ «ጎንደር ብርድ ነው አሉ፣ ሹራቧን ትልበስ በልልኝ» ብለውኛል፣ ይኸው ብያለሁ። ሐይቁም ቦታው ላይ ነው። አባ ኮዳዎቹ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይንጎራደዳሉ። አንዱን ባየሁት ቁጥር የሒሳብ ፈተና የወደቅሽ ዕለት የነበረሽ አረማመድ ትዝ ይለኛል። አትናደጂ፤ እኔ ስምንተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሳ ሁለቴ ተምሬው ዘጠነኛን ሳላይ የቀረሁ ሰው ስለሆንኩ ስለ ፈተና የመናገር ሙሉ መብት አለኝ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አንቺ ስትሄጂ የማህበራችን ስሙ ብቻ ነበር የተለወጠው። ሰፊው ሁሉ የየራሱን መኪና በጋሪ ጭኖ መሃል ከተማ ያለው አዳራሽ ውስጥ ደረደረ፣ በሩ ላይ «የልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማህበር» ተብሎ ተጻፈ፣ አለቀ። ገብተሽ ብታዪ ግን ሁሉም በየመኪናው ንጉሥ ነበር (ይህችን ቃል ጮክ ብለሽ አታንብቢያት)። የጀመረውን ራሱ ይጨርሳል፣ ሲጨርስ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሁሉም መኪናውን አቁሞ «በባለቤቱ ላይ ይለቅ!» ይላል።

አንቺ ክር እያቀበልሽ ያደግሽ ስለሆንሽ የሰፊን ወግ ላስተምርሽ አይገባም። ግን የነርስነት ክፍል ጓደኞችሽ ትከሻሽ ላይ ተንጠልጥለው እንደሚያነቡ ስለማውቅ ለእነሱ ልንገራቸው። እህቶቼ፣ እኛ ዘንድ ያላለቀ ልብስ ከእጅ አይወጣም። የአንዱን ጅምር ሌላው አንስቶ የሚጨርሰው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሰፊው የሞተ ዕለት። ጋሽ ግዛቸው ሲሞቱ መኪናቸው ላይ የቀረውን ጃኬት ሁላችንም ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ እየሰፋን ጨርሰን ለሚስታቸው ወሰድን። ፍቅርተ፣ ያን ቀን ክሩ አልገባ ብሎሽ መርፌውን እኔ ነበርኩ የያዝኩልሽ። እሱን እንኳ ለጓደኞችሽ አታንብቢላቸው።

ሐምሌ ላይ ጓድ ይልማ መጣ። አዲሱ ሥራ መሪያችን ነው። አዲስ አበባ ሰልጥኖ፣ አንገቱ ላይ የኳስ ዳኛ ፊሽካ አንጠልጥሎ መጣ። ከመቅጠኑ የተነሳ ሸሚዙ ውስጥ ሌላ ሰው በደባልነት ቢገባ ይበቃዋል። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ!

ሰበሰበንና «ጓዶች፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ማስረከብ አለብን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ሸሚዝ ታቅፎ እየዋለ አንደርስም። ከነገ ጀምሮ ሥራው የሰንሰለት ነው። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ኪስ፣ አንዱ ኮሌታ፣ አንዱ እጅጌ፣ አንዱ ቁልፍ። ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል» አለ።

ከሰፊዎቹ መሃል ሽፈራው ንግግሩ ሳያልቅ አጨበጨበ። «እኔ እኮ ድሮም ይህንኑ ስል ነበር!» አለ። ብሎ አያውቅም።

ከአባትሽ ጎን የምትሰፋው እትዬ ጥሩወርቅ ተነሳች። ሜትሯን እንደ ጅራፍ እያወናጨፈች «ስማኝ ጓድ፣ ሸሚዝ ድስት ነው እንዴ ሁሉም ማማሰያውን የሚከትበት? ኮሌታው ቢጣመም ማን ሊጠየቅ ነው? ሰንሰለቱ?» አለች።

«ሰንሰለቱ ማለት እኛው ነን» አለ ይልማ።

«እኔ ሰንሰለት አይደለሁም። እኔ ጥሩወርቅ ነኝ!»

«ጥሩ ወርቅ ከሆንሽማ ሰንሰለት ይወጣሻል» አልኳት ከኋላ። በሜትሩ አገኘችኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ሴንቲሜትሩ ይነበባል።

አባትሽስ? አባትሽ ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ ታውቂዋለሽ፤ ወለል ላይ እንደ ወደቀ መርፌ ነው፤ አይታይም፣ ግን ረጋጩን ይጠብቃል።

በማግስቱ ይልማ ሥራ ለማስጀመር ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደና በሙሉ ሳንባው ነፋ። «ፍስስስ» አለ። ደግሞ ነፋ። «ፍስስስ።» ደም ሥሩ ተገታተረ። ፊሽካው ሆድ ውስጥ ማን የጥጥ ጉንጉን እንደከተተ እስካሁን አልታወቀም፤ ምርመራው እንደቀጠለ ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ እትዬ ጥሩወርቅ እንኳ ኩርፊያዋን ረስታ እንባዋን ጠረገች። ይልማ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ራሱም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው «ይሄ ሰውዬ ይለመድ ይሆናል» አልኩ በሆዴ።

ሥራው ተጀመረ። አባትሽ ኪስ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ኮሌታ፣ ሽፈራው እጅጌ፣ እኔ መጨረሻ ላይ ቁልፍ ተካይ። አባትሽ የመጀመሪያውን ኪስ ሰፉ። ያንን ኪስ ብታዪው፣ ከጨርቁ ጋር አብሮ የበቀለ ነው የሚመስለው። ግን ጨርቁን አላቀበሉም። ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ እጇን ዘርግታለች፣ ፊቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራለች። መኪናው ሁሉ አንድ በአንድ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አባትሽ ያንን ኮሌታ የሌለው፣ እጅጌ የሌለው ጨርቅ በሁለት እጃቸው አንስተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩት። ሬሳ እንደሚያኖር ሰው አኖሩት ነው የምልሽ፤ አስቀመጡት አይደለም።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ዝምታ ሲበዛ አፌን ያሳክከኛል። ቁራጭ ካኪ አናቴ ላይ ጣል አደረግሁና ደረቴን እየመታሁ «ዋይ! ዋይ! ጋሽ ወልደአማኑኤልን! ኮሌታውን ሳያዩት! ቁልፉን ሳይጠግቡት!» ብዬ አስነካሁት።

ሁሉም የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሽፈራው ብቻ ሳቀ።

አባትሽ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ! ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው አጠፉት፣ መኪናቸው ላይ አኖሩት። «እኔ እኮ ገና አልሞትኩም» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። ይልማ ሰበሰበንና «ደንቡ ደንብ ነው። ሳያስፈቅድ የቀረ አባል በዚህ ሳምንት ካልተመለሰ ይሰረዛል። መኪናውም የማህበሩ ሆኖ ይቀራል» አለ። ሲናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው። የትኛዋ መኪና መሰለችሽ? ያቺው ናት! ጡት ስትጥዪ አላስተኛ ብለሽ እናትሽ ከሥሯ አንጥፈው የሚያስተኙሽ፣ አባትሽ ሲረግጧት ድምጿ እሹሩሩ የሚልልሽ። ያቺ መኪና ያለ አባትሽ አዳራሽ ውስጥ ልትቀር ነው፣ ለዚያውም በእኔ አፍ። ፍቅርተ፣ ያን ሳምንት በማንም አልቀለድኩም። እትዬ ጥሩወርቅ «ወባ ያዘህ እንዴ?» ብላ ግንባሬን ነካች።

ሰንሰለቱም ሰንሰለት መሆኑ ቀረ። ሁሉም ጨርቁን ለማቀበል ይለግም ጀመር። አንዱ ሥራውን ጨርሶ መልሶ ይፈታል፣ አንዱ ክር ጠፋብኝ ይላል፣ አንዱ ጨርቁን ጭኑ ሥር ይሸሽጋል። አለመታዘዝ እንዳይመስልሽ፤ እጃቸው ነው እምቢ ያለው። ያጨበጨበው ሽፈራው ብቻ እንደ ነፋስ ይሰፋል፤ ሁለት ግራ እጅጌ የተገጠመለት ሸሚዝ ቁልፍ ልተክልበት እኔ ዘንድ ደረሰ። ግራኝ ለሆነ ተማሪ ይሆናል ብዬ ልተክልለት አስቤ ነበር።

ያ የአባትሽ ሸሚዝም እዚያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። ጠረጴዛውን የምትወለውለው ልጅ እንኳ ዙሪያውን ወልውላ ታልፋለች።

ዓርብ ጠዋት ይልማ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። «ይህ ለምንድን ነው የማይነሳው?»

ዝም።

«ጓዶች፣ እኔ እኮ ጠላታችሁ አይደለሁም። ያላወቅሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።»

እትዬ ጥሩወርቅ መቀሷን አስቀመጠች። «አላወቅህማ! ብትጠይቅ ታውቅ ነበር» ብላ የሰፊን ወግ፣ የጋሽ ግዛቸውን ጃኬት ሳይቀር፣ ከሀ እስከ ፐ ነገረችው። «አንተ ጨርቅ አቀብሉ አልከን፤ እኛ የሰማነው በየሰዓቱ ሙቱ ነው።»

ይልማ ብዙ ሳይናገር ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ኪሱ ከተተ። ሸሚዙን አነሳና «ቤታቸው የት ነው?» አለ።

እሱ፣ እትዬ ጥሩወርቅና እኔ ሦስታችን በጋሪ ወጣን። ታቦር ግርጌ ስንደርስ ፈረሱ እንደ አባትሽ እምቢ አለና የቀረውን በእግር ሄድን። አባትሽ በረንዳ ላይ የጎረቤት ልጅ ሱሪ በእጃቸው ይጠቅማሉ። እናትሽ ቆሎ አቀረቡ፤ እኔን ሲያዩኝ ግን ሳህኑን ወደ ይልማ ገፋ አደረጉት። ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

ይልማ ሸሚዙን በሁለት እጁ ዘረጋ። «ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ይህን ሸሚዝ ራስዎ ይጨርሱት። እስከ ቁልፉ። ማንም አይነካብዎትም።»

አባትሽ ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ከዚህ ወዲያስ?»

«ከዚህ ወዲያ ሰንሰለቱ አለ። አልዋሽዎትም። ካለዚያ ለልጆቹ አንደርስላቸውም።»

«አለመዋሸትህ ደግ ነው» አሉ አባትሽ። ጨርቁን ግን መልሰው ዘረጉለት። «ግን እኔ ገና በሕይወት እያለሁ ጅምሬን የሚያነሳው ማን ነው? ምን ብሎ ነው የሚያነሳው?»

ይልማ ወደ እኛ ዞረ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከደረጃው ላይ ፈነዳች። «እኔ ነኛ የማነሳው! ማን ሊሆን ነው? አንተ ሰውዬ፣ ከአንተ ጎን ስቀመጥ ስንት ዘመኔ ነው? ጅምርህን ስቀበል ሞተ ብዬ ነው እንዴ? ማሳ ላይ ያገኘሁትን ገበሬ እንኳ ያበርታህ ብዬ አልፋለሁ። አንተንም ያበርታህ ብዬ ነው የምቀበልህ!»

አባትሽ መርፌያቸውን የጎረቤት ሱሪ ላይ ሰኩ። አሰቡ። ብዙ አሰቡ፤ እኔ ሳላስበው ቆሎውን ጨረስኩት።

«እስቲ በይኝ» አሉ።

«ምን ልበል?»

«አሁን ያልሽውን። እስቲ ተቀብለሽ በይኝ።» ሸሚዙን አነሱና ዘረጉላት። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያቺ በስብሰባ ላይ ጣራ የምትነቅል ሴት፣ ቀስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችና «ያበርታህ፣ ወልደአማኑኤል» አለች።

«አብሮ ያበርታን» አሉ አባትሽ። ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

በሩ ላይ ደርሰው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ውርጋጥ፣ አለቃቀስህ አይረባም። ግጥሙ አጭር ነው፣ ደረት አመታትህም የሴት ነው። ስሞት ሌላ አልቃሽ ፈልጉልኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው እናትሽ ቆሎ የጨመሩልኝ።

እንግዲህ ወጉ እንዲህ ሆነ። ማንም ጨርቅ ሲቀበል «ያበርታህ» ወይም «ያበርታሽ» ይላል፣ አቀባዩ «አብሮ ያበርታን» ይላል። ይልማ ዙሪያውን ገላመጥ አድርጎ «ማን እንደሚያበረታ ግን ባይጠቀስ ጥሩ ነው» አለን። አልጠቀስንም። አባትሽ በሆዳቸው ገብርኤልን ያስገቡበታል፤ እኔ የቤታችንን ጸሎት አስገባበታለሁ፤ ይልማም ሰፊውን ሕዝብ ያስገባበት ይሆናል። ቃሉ ሰፊ ኪስ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል። የመጨረሻውን ቁልፍ ተክዬ ሸሚዙን ከፍ ሳደርግ ደግሞ መኪና ሳይቆም፣ እግር እየረገጠ፣ ሁሉም «በባለቤቱ ላይ ይለቅ!» ይላል። ይልማ ፊሽካውን ለልጁ ሰጠው ተባለ። የምታሳዝነው ሚስቱ ናት።

አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ስምንተኛን ሁለቴ የተማረ ሰው የታዘበው ስለሆነ እንዳትንቂብኝ። ሰው እንደ ጨርቅ ነው። ሽፈራው ናይለን ነው፤ ገና ስትነኪው ይታጠፋል፣ ስትለቂው ተመልሶ ይዘረጋል፤ እጥፋት አይዝም። ጳጉሜ ላይ ሥራው ሲበረታ «ሻሸመኔ የተሻለ አገኘሁ» ብሎ ሄደ። እዚያም አጨብጭቦ ገብቷል አሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ካኪ ናት፤ ለማጠፍ ካውያው መጋል አለበት፣ ውሃም ይርከፈከፍባታል፣ እሷም ጢሷን ታጨሳለች። አንዴ ከታጠፈች ግን ያ መስመር እስክትቀደድ አይጠፋም። አሁን «ያበርታህ» ሳይል የሚቀበል ሰው ካየች በሜትር ትገርፋለች። አባትሽ ሱፍ ናቸው። ሱፍ እርጥብ ጨርቅ ካልደረብሽበት ካውያው ያቃጥለዋል። ይልማ ካውያውን ይዞ መጣ፤ እርጥቡ ጨርቅ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበረን፣ ማንም አላቀበለውም እንጂ።

ዩኒፎርሙ ደረሰ። ትምህርት ቤት የተከፈተ ዕለት ልጆቹ ካኪ በካኪ ሆነው መንገዱን ሞሉት። አባትሽ ዳር ቆመው ደረት ደረታቸውን ያያሉ። «ያ የኔ ነው። ያም የኔ ነው። ያቺ የምትሮጠውም» ይላሉ። ሁሉም የእሳቸው ነው! ድሮ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ ኮታቸውን ካዩ ይበቃቸው ነበር፤ አሁን ከተማው በሙሉ ኪሳቸውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይዞራል። አንዱ ልጅ እርሳሱን ሰክቶበት ሲያልፍ አባትሽ ሲስቁ አየሁ። ጥርሳቸው እንዳለ አላውቅም ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጥቅል ይደርስሻል። ነጭ ጋዋን ነው። ማህበሩ በሙሉ በሰንሰለት ሰፋልሽ፤ ለመቁረጡ ጓድ ይልማ ራሱ መቀስ ያዘ፣ ትንሽ ቢጣመም በእሱ አሳብቢ። ኮሌታው የእትዬ ጥሩወርቅ ነው። ኪሱን ማን እንደሰፋው አልነግርሽም፤ እጅሽን ስትከቺበት ታውቂዋለሽ። ልክሽን ከየት አመጣኸው ካልሽኝ፣ እናትሽ ነገሩኝ እልሻለሁ። አልነገሩኝም።

ቁልፎቹን እኔ ተከልኩ። አንዷ ግን አልተተከለችም። ከላይ ያለችው፣ አንገት ሥር የምትገባው። ኪሱ ውስጥ ነች፣ ከነክሯ። እኔ እንግዲህ ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ስለምቀመጥ ሁልጊዜ ተቀባይ ነኝ፤ ያላለቀ ነገር ለማንም አቀብዬ አላውቅም። አንዴ ልሞክረው ብዬ ነው። እንዴት እንደሚያስፈራ አሁን ገባኝ፣ አባትሽ ያን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው ለምን እንደቆዩም ገባኝ። ቁልፏን መትከል ትችያለሽ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ። ከፈለግሽ ደግሞ እንዳለች ይዘሻት ነይ፣ እዚህ ትተከላለች። ስትቀበዪ የሚባለውን ታውቂያለሽ። ጎንደር ሆነሽ ብትዪው አልሰማሽም፤ በደብዳቤ ቢሆን ግን እሰማለሁ።

እናትሽ ያሉትን ሹራብ ልበሺ። የምትወጊው ሰው እንዳይጮህብሽ እጅሽ ይቅለል፤ መምህሮችሽ ይውደዱሽ፣ ከእኔ ያነሰ ይውደዱሽ እንጂ። ማለቴ እኛ፣ ማህበሩ፣ ከምንወድሽ። ኬሬ ሁኚ፤ በእኛ ቤት ቋንቋ፣ በሲዳምኛ፣ ሰላም ማለት ነው፣ ጓደኞችሽ ይማሩት።

አሁን እውነቱን ልመን። ከባድ ዜና ብዬ ያስደነገጥኩሽ ነገር ሲጠቀለል ይህች ናት፤ አንድ ሰው ለጥቂት ቀን አኮረፈ፣ አንድ ቃል ተባለለት፣ ተመለሰ። ኪስ ይሰፋል፣ ደስ ብሎታል። ሌላ ምንም የለም። ለዚህ ለዚህ ደብዳቤ መጻፍም አያስፈልግም ነበር። ግን ቴምብሩን ከገዛሁት ቆይቻለሁ።

ቁልፍ ተካዩ
ሙሴ